የዝናቡን ፈቃድ ፍለጋ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ካዛንቺስ

ሰኞ

ይህን የምጽፈው ካዛንቺስን አይተው ለማያውቁ ለኮምቦልቻ ጎረቤቶቼ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ «ምን አየሽ? ምን ገጠመሽ?» እያሉ የልብስ ስፌት ሱቄ በር ላይ ይቆማሉ፤ ለአንዷ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላዋ ትመጣለች። በቃ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ያሻው ያንብበው አልኩ።

የሄድኩት ሰናይት ስለደወለችልኝ ነው። ሰናይት ካዛንቺስ ሳለሁ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች። ግድግዳው ከቆርቆሮው በታች ሽንቁር ነበረው፤ በዚያ ክብሪትም ጨውም ወሬም እንቀባበል ነበር። ባሏ እንግሊዛዊ ነው፣ ስሙ ኮሊን። ሰፈሩ ግን ዝናቡ ነው የሚለው። መጀመሪያ ቤታቸው የመጣ ቀን የሰኔ ዝናብ እንደ ድመት አርሶት ነበርና የሰናይት እናት እማማ ብርቄ «ይኼ ደግሞ ዝናብ ያመጣው ነው» ብለው ስም አወጡለት፤ በዚያው ቀረ።

ዝናቡ በአገሩ የትምህርት ቤት ማሞቂያና ቧንቧ ጠጋኝ ነበር። ፈረንጆች ትምህርት ቤት የሚዘጉት በእኛ ክረምት ስለሆነ ክረምት ሲገባ ይመጣል፣ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ይሄዳል። ሰናይት እናቷን ጥላ አልሄድም ብላ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እንዲህ ኖሩ። አምና እማማ ብርቄ አረፉ። እሱም ጡረታ ወጣ፣ ቤቱን ሸጠ፣ ዘንድሮ ጠቅልሎ መጣ። የመጣው ግን በጎብኚ ቪዛ ነው፤ እሷም አርብ ታበቃለች። የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። የጋብቻ ወረቀት ተብሎ ያላቸው ደግሞ ያኔ በሽማግሌ ፊት የተጻፈው ውል ብቻ ነው። ውሉ የሚለው ዝናቡ፣ ፓስፖርቱ የሚለው ኮሊን። «ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት ያረጋግጥ» ተባለ። ቀጠሮው ሐሙስ፤ በሠርጉ የነበሩ ሁለት ምስክሮች ይፈለጋሉ። ካልሆነ አርብ አገር ለቆ፣ ቤት በሌለበት አገር ተቀምጦ እንደገና ከሀ ሊጀምር ነው።

«ዘሀሪ፣ ጽሕፈቱ ያንቺ ነው» አለችኝ ሰናይት።

«አውቃለሁ» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ሻንጣዬን አወረድኩ።

እናም ሰኞ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ስጦታ ብዬ አንድ ቅል ቅቤ ይዣለሁ። ከኮምቦልቻ ስንነሳ ቅቤው ድንጋይ ነበር። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ በዚያ ሙቀት ቀለጠና ከላይኛው መደርደሪያ ጠብ፣ ጠብ እያለ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላ ላይ ፈሰሰ። መሬት ዋጪኝ አልኩ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አሽትተው «ለጋ ነው፣ አብሽሪ! ወላሂ ከሳሙና ይሻላል» አሉኝ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን አብረን ቆረጠምን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ቅቤው እንደገና ረጋ፣ የእሳቸውም ነጠላ እንደ ካርቶን ደረቀ። እኛ ኮምቦልቻ አንድ አየር ብቻ ነው የምናውቀው፤ በዚህ መንገድ ግን በአንድ ቀን የአራት አገር ልብስ ትለብሳላችሁ።

ላምበረት መናኸሪያ ስወርድ ዝናቡ ቆሞ ይጠብቀኛል። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ዘሀራ! ደክሞሻል፣ አይደል?» አለኝ። አማርኛው ከእኔ የወሎ አማርኛ ይልቅ አዲስ አበባ አዲስ አበባ ይላል።

አሁን የሚኖሩት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ነው። ማታ እራት ሲቀርብ ወጡ ላይ ሥጋ አየሁና ክርስቲያን ቤት ነኝ ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ሰናይት ሳቋን ለቀቀችው። «ብይ እንጂ! ይኼ ሰውዬ ወሎ ሰፈር ድረስ ሄዶ ነው ከእስላም ሥጋ ቤት የገዛልሽ። ድስቱም አዲስ፣ ቢላዋውም አዲስ። እኔን እንኳ ማማሰያውን አላስነካኝም፤ ራሱ ነው የሠራው!» ዝናቡ ፊቱ ቀልቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር። ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት ካዛንቺስ እንሂድ አልኩ። ሰናይት «ምን ልታዪ?» አለችኝ፣ ግን ነጠላዋን አነሳች።

ምን ልበላችሁ። እኔ የማውቀው ካዛንቺስ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ፣ የቦኖ ውኃ ሰልፍ፣ ከአንዱ ቤት ራዲዮ ሲከፈት ለአሥራ አምስት ቤት የሚሰማበት ሰፈር ነበር። አሁን ሰፈሩ ፈርሶ ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድ፣ አበባ፣ መብራት ሆኗል። ያምራል፣ ውሸት አልናገርም። ልጆች በብስክሌት ሲሄዱ አይቼ ደስ አለኝ። ግን የራሴን ቤት ቦታ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ። ሰናይት አንድ የመብራት ምሰሶ ሥር ቆመችና «ማድ ቤትሽ» አለች። ትንሽ ቆይታ «እልፍ በይ፣ የኔን ምጣድ እየረገጥሽ ነው» አለችኝ። ሳቅን።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት አጠገብ በጃንጥላ ሥር የሚሠራ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ፤ የፍርድ ቤቱን ማመልከቻ የጻፈላቸው እሱ ነው፤ ዝናቡም ቀድሞን እዚያ ይጠብቀን ነበር። እኔም በዘመኔ የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩና የሙያ ወንድሜ ነው ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እናቴ፣ ለእንግሊዝ ዜጋ ያለው በር የታወቀ ነው» አለኝ። «የሥራ ፈቃድ እንዳንል፣ ቀጣሪ ያስፈልጋል፤ ቀጣሪውም ይህን ሥራ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት አለበት። ጋሼ ደግሞ ቧንቧ ሠሪ ናቸው። ለቧንቧ ፈረንጅ አስመጣን ብንል እዚህ ያለው ቧንቧ ሠሪ ሁሉ መፍቻውን ይዞ አይመጣብንም?»

ዝናቡ ሳቀ። «ማሞቂያም እሠራለሁ» አለ።

«ማሞቂያማ እግዜር ሰጥቶናል፣ ጋሼ፤ ፀሐይ ትባላለች! ባለሀብት ነኝ ብለው እንዳይገቡ ደግሞ የሚጠየቀው ዶላር የእርስዎን ጡረታ ሃያ ጊዜ ይውጠዋል። የቀረዎት በር እኚህ ናቸው» ብሎ በእስክሪብቶው ወደ ሰናይት አመለከተ። «ሚስት።»

«ሰማህ?» አለች ሰናይት። «በር ነኝ። ስትገባ አንኳኳ።»

ከዚያ ሰውየው የውሉን ወረቀት ከፋይሉ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው። ያኔ በጋዜጣ መጠቅለያ ፊደል የቆጠርኩ ሴት፣ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ፣ ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ «የዘሀራ ጽሕፈት ዕንቁ ነው» የሚለኝ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ ፊደሎቼ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ያምራሉ። «አቶ ዝናቡ» ይላል።

እዚህ ላይ ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፍ። ሁሉም የሚያስበው ስሙን እንዲያ የጻፍኩት እማማ ብርቄ ስላሉ ነው። አይደለም። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው እኔ ብዕሬን ሳዘጋጅ ዝናቡ ፓስፖርቱን አምጥቶ ሰጠኝ፤ «ስሜ እዚህ አለ» አለኝ። ከፈትኩት። ላቲን ነው። አንድም ፊደል አላውቅም። ዙሪያውን ሰው ከቦኛል፣ ሁሉም እጄን ያያል። «ማንበብ አልችልም» ማለት ሞት መሰለኝ። ፓስፖርቱን ጥቂት አየሁት፣ ራሴን ነቀነቅሁ፣ መለስኩለት፣ የማውቀውን ስም ጻፍኩ። በቃ ይኸው ነው። የእኔ እፍረት ዛሬ የሰው ቤት ሊያፈርስ ደረሰ።

ማታውን ለሰናይት ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ኮምቦልቻ ነፋስ አወራሁ።

ረቡዕ

አንዷ ምስክር እኔ ነኝ። ሁለተኛው ማን ይሁን? ውሉ ላይ ከፈረሙት ሦስት ሽማግሌዎች ሁለቱ አርፈዋል። የቀሩት ጋሽ መንግሥቴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከካዛንቺስ ሲነሱ ገላን ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል አሉ። ስልክ አይዙም። «የሚፈልገኝ ይመጣል» ነው የሚሉት።

እኔና ሰናይት ሜክሲኮ አደባባይ ሄደን ለታክሲ ተሰለፍን። ሰልፉ ረዥም ነው፤ ረዳቱ «ሁለት ሰው! ሁለት ቀጭን ሰው!» እያለ ይጣራል። ሰናይት «ቀጭን ከየት እናምጣልህ፣ አንድ ወፍራምና አንድ ምስኪን አለን» ብላው ገባን። ግማሽ መንገድ ስንሄድ ታክሲው ወደ ሌላ አቅጣጫ ታጠፈ፤ ለካ የተሳሳተ ይዘናል። ወርደን በዝናብ ቆመን ሌላ ያዝን። የአንድ እግር ጫማዬ ሶል እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ገላን ስንደርስ ሕንጻው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እኛ ኮምቦልቻ «የእገሌ ቤት» ብላችሁ አንድ ባጃጅ ብትጠይቁ በር ላይ ያደርሳችኋል። እዚያ ግን የሚጠየቀው «ብሎክ ስንት?» ነው።

«እኔ እንጃ» አልኳት ልብስ የምታሰጣ ሴት። «ባርኔጣቸውን የማያወልቁ፣ ሲናገሩ በጣታቸው ጉልበታቸውን የሚመቱ ሰውዬ።»

«ውይ፣ የካዛንቺሱ ጋሽ መንግሥቴ! እሳቸውማ እዚህ ለማደር ብቻ ነው የሚመጡት እኮ። ማለቴ፣ ጠዋት በመጀመሪያው ባስ ካዛንቺስ ይሄዳሉ፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። በየቀኑ! ልጆቻቸው ለምነው ለምነው ተዉት።»

ሰናይትና እኔ ተያየን። ትናንት የቆምንበት ቦታ! ሴትየዋ የጫማዬን ሁኔታ አይታ «በባዶ እግርና በባዶ ሆድማ አትመለሱም» አለች። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ለሰናይት የጾም፣ ለእኔም የሚስማማ የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ አቀረበች፤ የልጇንም ነጠላ ጫማ አጠለቀችልኝ። ስሟን ጠይቄያት ነበር፤ እንዲያው በልቼ ረሳሁት። አላህ ያውቃታል።

ጋሽ መንግሥቴን ያገኘናቸው በሰፊው የእግር መንገድ ዳር፣ አዲሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ባርኔጣቸው እንዳለ ነው።

«እዚህ ምን ያደርጋሉ፣ ጋሼ?»

«ደጄ ላይ ተቀምጫለሁ» አሉ። በከዘራቸው ድንጋዩን ነካ ነካ አደረጉት። «በሬ እዚህ ነበር። የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም እላለሁ፤ ድሮም ሥራዬ ይኸው ነበር።»

ነገሩን አስረዳናቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡና በጣታቸው ጉልበታቸውን መቱ። «አይሆንም» አሉ።

ሰናይት ቀለሟ ተለወጠ። «ጋሼ! እርስዎ አይደሉ እንዴ የዳሩኝ?»

«እኔ የዳርኩሽ ለዝናቡ ነው። ይኼን ኮሊን የሚሉትን አላውቀውም። መጽሐፍ ይዤ የማላውቀውን ስም አውቃለሁ ብዬ አልምልም። ደግሞ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ «ያን ቀን አንቺን ጠይቄሻለሁ፣ ዘሀራ። ‹ልክ ነው የጻፍሽው?› አልኩሽ። ‹ልክ ነው› አልሽኝ። በአንቺ ቃል ፈረምኩ። አሁን ወረቀቱ ስህተት ነው ብላችሁ ስትመጡ እኔ ምን ሆንኩ? ውሸታም ሽማግሌ?»

ለሰናይት «እስቲ ውኃ ግዢልን» ብዬ ሸኘኋትና፣ ለሃያ ዓመት የያዝኩትን ነገር ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ፓስፖርቱን፣ ላቲኑን፣ እፍረቱን። መንገደኛ ያልፋል፣ ብስክሌት ያልፋል፣ እኔ አለቅሳለሁ።

ጋሽ መንግሥቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለምን ጠየቅሁሽ ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ለምን?»

«መነጽሬን ቤት ረስቼ መጣሁ ብዬ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ፊደል አልቆጠርኩም። ስሜን ብቻ መሳል አውቃለሁ።» ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በሕይወቴ ራሳቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ነገ በስንት ሰዓት ነው?»

ሐሙስ

ፍርድ ቤቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ ልጄ ብትሆን አይበዛባትም። ዝናቡ ክራቫት አስሯል። ሰናይት አጠገቤ ተቀምጣለች።

ጋሽ መንግሥቴ ማሉና ተጠየቁ። «ኮሊን የሚባለውን ሰው ያውቁታል?»

«አላውቀውም፣ ክብርት ዳኛ።»

ሰናይት እጄን አጥብቃ ጨበጠች።

«ይኼን የቆመውን ሰውዬ ግን አውቀዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሽማግሌ ሲልክ ተቀብዬዋለሁ፣ ልጅቷን ሰጥቼዋለሁ። እናቷ በታመሙ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ አልጋቸው ሥር ሲተኛ አይቻለሁ። ስሙ በአገሩ ምን እንደሆነ እናቱን ይጠይቁ፤ እኔ የምምለው ለሰውዬው ነው።»

ዳኛዋ ጻፈች። «የተጠየቁትም ስለ ሰውዬው ነው» አለች፤ ሳቋን የያዘች ይመስለኛል።

ከዚያ እኔ በቁርአን ማልኩ። «ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም ለምን አልጻፉም?» አለችኝ።

«የሰናይት እናት ፈቃድ ነው» ማለት እችል ነበር። ሟች አይከራከርም። ሰናይትም እንዲያ እንድል ትጠብቅ ነበር። «ማንበብ ስለማልችል ነው፣ ክብርት ዳኛ» አልኩ። «ላቲን አላውቅም ነበር፤ አፈርኩና ደበቅሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። የእነሱ ጥፋት አይደለም።»

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «አሁንስ ያነባሉ?»

«የልብስ መለያ አነባለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ኤም፣ ኤል፣ ኤክስ ኤል።»

ይህን ጊዜ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ወጣ፦ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው።

ደረጃው ላይ ዝናቡ ጠበቀኝ። ፊቱን ማየት ከበደኝ፤ «ይቅር በለኝ» አልኩት መሬት መሬት እያየሁ።

«እኔ አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያን ቀን ፓስፖርቱን ገልብጠሽ ነበር የያዝሽው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ሰው ሁሉ ያይሽ ነበር። ደግሞ ጽሕፈቱ በጣም ቆንጆ ነበር።»

ሰናይት ከኋላ መጥታ ሁለታችንንም በነጠላዋ ጫፍ ገረፈችን። «ሁለታችሁም አውቃችሁ እኔን ብቻ ታሞኙኝ ነበር? ሃያ ዓመት!» ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። ጋሽ መንግሥቴ «ተነሺ፣ ሰው የተፈረደብሽ ይመስለዋል» ብለው አስነሷት።

አርብ

ያን ቀን ሩጫ ነበር። ጠዋት ወረዳው የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ሰጠን፤ ጸሐፊዋ ልጅ ሁሉን ትታ የእኛን ስታስቀድም ሰልፈኛው አላጉረመረመም። ይልቁንም አንዱ «ለሙሽሮቹ መንገድ ስጡ!» ብሎ አጨበጨበ። እኔ ለጁምዓ ወሎ ሰፈር መስጊድ ወረድኩ፤ እነሱ ወደ ኢሚግሬሽን ሄዱ። ሶላቴን ስሰግድ ልቤ እዚያ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከመስጊድ ወጥቼ ደምበል ሕንጻ ፊት ለፊት ቆሜ ስልኬን እያየሁ ስንት ታክሲ እንዳለፈኝ አላውቅም።

በመጨረሻ ደወለች። ስታወራ አይሰማም፣ ጫጫታ ነው። «ተቀበሉን! ለዓመት ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል አሉን! ዘሀሪ፣ ትሰሚኛለሽ? ዓመት!»

ማታ ትንሽ ድግስ ሆነ። ጋሽ መንግሥቴ የመጨረሻው ባስ እስኪደርስ ቆዩ። ዝናቡ እንቁጣጣሽን በአዲስ አበባ አይቶ እንደማያውቅ ያን ዕለት ነው የገባኝ፤ ጥቅምትንም፣ የጥርን ፀሐይም። ሰናይት «እኔስ ብትይ! በበጋ ምን እንደሚለብስ እንኳ አላውቅም። ያገባሁት የክረምት ባል ነው» አለች።

ቅዳሜ

አውቶቡሴ በጠዋት ነው። ገና ሳይነጋ ተነስቼ ሻንጣዬን ዘጋሁ። የነሰናይት ክፍል በር ገርበብ ብሏል፣ መብራት በርቷል። ልሰናበታቸው ገፋ አደረግሁት።

አልጋው ላይ የዝናቡ ሸሚዞች ተጣጥፈው ተደርድረዋል፤ ካልሲዎቹ በጥንድ በጥንድ ተጠቅልለው፣ ሹራቡ ከላይ። ሰናይት እጇ ላይ አንድ ሱሪ ይዛ ቆማለች። በየዓመቱ በዚህ ሳምንት፣ በዚህ ሰዓት፣ የመሸኛውን ልብስ የምታጣጥፈው እንዲህ ነበር።

እኔን ስታይ ደነገጠች፤ አልጋውን አየችው። «እኔ አይደለሁም» አለች፤ «እጄ ነው።»

ዝናቡ ከኋላዋ መጥቶ ሱሪውን ከእጇ ተቀበላት። ከዚያ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያነሳ ቁም ሣጥኑ ውስጥ መስቀል ጀመረ፤ እሷ ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መስቀያ ታቀብለው ነበር። እንዳልረብሻቸው በሩን መለስ አድርጌ ወጣሁ።